ፍሬን «እምቢ» አይልም

ከጣርማ በር ቁልቁል መኪና በተገለበጠ ቁጥር የምንሰማው ዜና አንድ የማይለወጥ ሐረግ አለው፦ «ተሽከርካሪው ፍሬን እምቢ ብሎት…»። የሟችና የቁስለኛ ቁጥር ይከተላል፣ «አሽከርካሪዎች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ» የሚል ማሳሰቢያ ይታከላል፣ ዜናው ያበቃል። እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ «እምቢ» የምትለው ቃል ናት። እምቢ የሚል ፍጡር ፈቃድ ያለው ነው። ልጅ እምቢ ይላል፣ በቅሎ እምቢ ትላለች። ብረት፣ ጎማና ዘይት ግን ፈቃድ የላቸውም። እንደተሠሩት ነው የሚሠሩት።

«ፍሬን እምቢ አለ» ስንል ጥፋቱን ለመኪናው ሰጥተን ጥያቄውን ዘጋነው። የዚያ መኪና ፍሬን ለመጨረሻ ጊዜ የተፈታው መቼ ነው? ማን ፈታው? ምን ዕቃ ተቀየረለት? ሲገጠምስ ውስጡ ያለው አየር ወጥቶ ነበር? እነዚህን የሚጠይቅ ዜና ሰምቼ አላውቅም። ሹፌሩ በሕይወት ከተረፈ እሱ ይጠየቃል፤ ከሞተ ጉዳዩ ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት የጋራዥ ሥራ ነው፦ የፍሬን ማስተር ሲቀየር፣ መኪናው ላይ ከመታሰሩ በፊት ጠረጴዛ ላይ አየሩን ስለማውጣት። «በአገሩ ስንት ጉዳይ እያለ» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አገሩ የሚጓዘው ግን በሚኒባስና በአይሱዙ ነው፤ ሚኒባሱም የሚቆመው ይህች ሥራ በደንብ ከተሠራች ነው።

በመጀመሪያ ቦታውን ለማያውቅ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ የደጋው ጠርዝ ያልቅበትና መውረድ ይጀምራል። የደሴው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቦረቦረው የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የአንኮበሩ መንገድ ጎረቤላ ያደርስና ከዚያ ወዲያ ወደ አልዩ አምባ ይንደረደራል። የሁለቱም ስም ውስጥ «በር» አለ፤ አንኮበርንም «የአንኮ በር» ብለው የሚፈቱት አሉ። ስም ያወጡት ሰዎች በእግርና በበቅሎ የሚወርዱ ነበሩና የበሩን ጠባይ በጉልበታቸው ያውቁት ነበር። እኛ 15 ሰው ጭነን፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ደርድረን፣ ሙዚቃ ከፍተን ነው የምንወርደው።

ቁልቁለቱን በቁጥር ላሳያችሁ። ዋሻው ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ከ1,700 ሜትር በላይ ይወረዳል ማለት ነው። ሰው የሞላው ሚኒባስ 3 ቶን ይመዝናል ብንል፣ ያን ያህል ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከቀዝቃዛ የተነሣ 170 ሊትር ያህል ውሃ ያፈላል። አንድ በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ሞተሩና ነፋሱ ከዚያ ላይ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የቀረው በሙሉ በሸራና በታምቡር፣ በፓድና በዲስክ ላይ ይወርዳል። ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ ከለቀቀው ደግሞ የሞተሩ ድርሻ ይሰረዝና ሁሉም ፍሬኑ ላይ ያርፋል።

አንድ ነገር እንለይ። ሲኖትራክና ሌሎች ትልልቅ መኪኖች ፍሬናቸው በአየር ነው የሚሠራው፤ እነሱ ዘንድ አየር ሥራ ሠሪ ነው። እኔ የማወራው ፍሬናቸው በዘይት ስለሚሠራው ነው፦ ዶልፊኑ፣ አባዱላው፣ ፒካፑ፣ ኤንፒአር አይሱዙው፣ የቤት መኪናው። በእነዚህ ውስጥ አየር ከገባ ጠላት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እግር ፔዳሉን ይረግጣል፣ ፔዳሉ ማስተር ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ዘይቱን በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ አራቱ ጎማ ይልካል፣ ዘይቱም እዚያ ሸራውን ከታምቡሩ ያጣብቃል። ዘይት ሲገፉት አይጨመቅም፤ እዚህ የተገፋው እዚያ ይደርሳል። አየር ግን ይጨመቃል። ቱቦው ውስጥ አየር ካለ እግር የሚሰጠው ጉልበት አየሩን በመጨፍለቅ ያልቃል፤ ጎማው ጋ የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው።

ታዲያ ስንት አየር ቢሆን ነው አደጋ የሚሆነው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአንድ አነስተኛ መኪና ማስተር በአንድ ሙሉ ርግጫ የሚገፋው ዘይት የቡና ሲኒ ሩብ እንኳ አይሞላም። በአራት ጎማ ተከፋፍሎ መኪና የሚያቆመው ያ ነው። ከዚያች ውስጥ የሁለት ሦስት ጠብታ ቦታ የያዘ የአየር አረፋ ፔዳሉን ያለሰልሰዋል። የሻይ ማንኪያ የሚያህል ከሆነ ፔዳሉ ወለል ሊነካ ይችላል።

አሁን ወደ ሞርሳው።

አዲስ ማስተር ከካርቶኑ ሲወጣ ደረቅ ነው፤ ውስጡ በሙሉ አየር ነው። ሥራውን የሚያከብር መካኒክ ይህን ዕቃ ይዞ በቀጥታ ወደ መኪናው አይሄድም። መጀመሪያ ሞርሳ ላይ ያስረዋል። የሚያስረውም በሚታሰርበት ጆሮው እንጂ በሆዱ አይደለም፤ ሆዱ ከተጨመቀ ሲሊንደሩ ይጎብጣል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። አግድም ቀጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ዘይት በሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ላይ አጫጭር ቱቦዎች ይገጥምና ጫፋቸውን መልሶ የዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ ያስገባል፣ ጫፎቹ ዘይቱ ውስጥ እስኪጠልቁ ድረስ። ከዚያ ጫፉ ባልሾለ ዘንግ ፒስተኑን በዝግታ ይገፋል፣ በዝግታ ይለቃል። ካቻቢቴ የሚጠቀምም አለ፤ ጫፉ እንዳይቧጭር ከተጠነቀቀ ግድ የለም። በመጀመሪያዎቹ ግፊቶች ትልልቅ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከዚያ ያንሳል። ከዚያ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ አልፎ አልፎ ትወጣለች።

ብዙው ሰው የሚያቆመው እዚች ጋ ነው። ማቆም የለበትም። ቱቦዎቹ ውስጥ ንጹሕ ዘይት ብቻ እስኪመላለስ፣ አንድም አረፋ እስክትጠፋ፣ ፒስተኑም ሲገፋ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ድረስ ይቀጥላል። እየሠራም ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል ይጠብቃል፤ ዘይቱ ከጎደለና የቱቦው ጫፍ ከዘይቱ በላይ ከሆነ አየሩን መልሶ ይጠጣና ሥራው ከሀ ይጀመራል። ሲጨርስ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ወደ መኪናው ይወስደዋል፣ ያስራል፣ ከዚያ የአራቱን ጎማ አየር ያወጣል። ጠረጴዛ ላይ ያለው ሥራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ነው። የሚባክነውም ዘይት ጥቂት ነው፤ ቱቦው ራሱ መልሶ ስለሚያስገባው።

«ለምን መኪናው ላይ ካሰሩት በኋላ አያወጡትም?» ይህ ሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ብዙ ልምድ ያላቸው መካኒኮችም የሚሉት ነው፣ በአንዳንድ መኪና ላይም ይሳካል። ግን ማስተሩ ብዙ መኪኖች ላይ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ነው የሚታሰረው። አየር ደግሞ ወደ ላይ ይሄዳል። አፍንጫው ጫፍ ላይ ሽቅብ ተወሽቆ ይቀመጣል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ይጨመቃል፣ ሲለቀቅ መልሶ ይሰፋል፣ ከቦታው ግን ንቅንቅ አይልም። ዘይቱ በሥሩ እያለፈ ይሄዳል። መካኒኩ አራቱን ጎማ ይዞርና ከአራቱም ጥርት ያለ ዘይት ሲወጣ ያያል፤ አረፋ የለም። «አለቀ» ይላል። አልዋሸም፤ ጎማዎቹ ጋ እውነትም አየር የለም። አየሩ ከላይ ተቀምጦ የሸዋ ሮቢትን መንገድ እየጠበቀ ነው።

ሌላም አለ። አየሩን መኪናው ላይ ለማውጣት ሲባል ረዳቱ ፔዳሉን እስከ ወለል ደጋግሞ ይረግጣል። ማስተሩ አዲስ ከሆነ ያን ያህል ላይጎዳው ይችላል። ግን ሰው ሁሉ አዲስ አይገዛም፤ ያገለገለ ገዝቶ ወይም የድሮውን ጎሚኒ ብቻ ቀይሮ የሚገጥም ብዙ ነው። ያረጀ ሲሊንደር ፒስተኑ ዘወትር የማይደርስበት ታችኛው ክፍል ላይ ዝገትና ቆሻሻ ያጠራቅማል። ፔዳሉ እስከ ወለል ሲወርድ ጎሚኒው በዚያ ዝገት ላይ ይፈጋል፤ ጎሚኒው ይላጣል፣ ዘይቱም በጎኑ ማምለጥ ይጀምራል። ሊጠገን የገባው ፍሬን በጥገናው ተበላሽቶ ይወጣል። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ አየሩ ወደ ኤቢኤሱ ሳጥን ከተገፋ አንዳንዶቹ በኮምፒውተር ካልሆነ በቀር አያወጡትም። በጠረጴዛ 20 ደቂቃ ያስቆጠበ የመሰለው ሰው ግማሽ ቀን ይለፋል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን አይሠራም? አለማወቅ ነው የሚል መልስ አይዋጥልኝም። ትምህርቱ አለ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አውቶ መካኒክ የተማሩ፣ የብቃት ምዘና አልፈው ወረቀት የያዙ ወጣቶች በደብረ ብርሃን ጋራዦች ሞልተዋል። ትምህርት ቤት ሳይገቡ በጆሯቸው ብቻ የሞተር ሕመም የሚለዩ አንጋፋዎችም አሉ። ችግሩ እጅ ላይ ሳይሆን ኪስና ሰዓት ላይ ነው።

ሒሳቡን አስቡት። መካኒኩ የእጅ ዋጋ የሚቀበለው በቁርጥ ነው፦ «ማስተር መቀየር ይህን ያህል»። በሁለት ሰዓት ቢጨርሰውም በአንድ ሰዓት ቢጨርሰውም ክፍያው ያው ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ የሚሠራው ሰው በገዛ ኪሱ ነው የሚጠነቀቀው። ሹፌሩ ከአጠገቡ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ የዛሬውን ገቢ ለባለንብረቱ ማስገባት አለበት፣ መናኸሪያ ተራው እያለፈው ነው። ባለንብረቱ ስልክ ላይ ነው፤ የሚጠይቀው «አለቀ ወይ?» እንጂ «አየሩ ወጣ ወይ?» አይደለም። የፍሬን ዘይት አንድ ጠርሙስ ተጨማሪ ሲባል «ለምን?» ይላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ያሻቀበበት ባለንብረት «ለምን?» ማለቱ አይፈረድበትም፤ ግን የሚቆጠበው ገንዘብ ከየት እየተቆጠበ እንደሆነ ማወቅ አለበት። በመጨረሻ ፔዳሉ ሲረገጥ ትንሽ ይሰምጣል፣ ሁለቴ ሦስቴ ሲረገጥ ቀና ይላል። «እየነዳኸው ይስተካከላል» ይባላል።

አይስተካከልም። አየር እየነዱት አይወጣም። ደጋግሞ ሲረገጥ ቀና የሚል ፔዳል ወይ አየር አለበት ወይ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው፤ ሁለቱም ከጋራዥ የማያስወጡ ናቸው። ተረግጦ ተይዞ እያለ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ፔዳል ደግሞ ወይ የሆነ ቦታ ዘይት እያፈሰሰ ነው ወይ ማስተሩ ውስጥ ጎሚኒው እያሳለፈ ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እግር ብቻ ይበቃል።

አሁን የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፦ «አደጋው ሁሉ በማስተር አየር ነው እንዴ የሚመጣው?» አይደለም። ከልክ በላይ መጫን አለ። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ላይ ተቀምጦ መውረድ አለ። ጎማ፣ መሪ፣ ጉም፣ እንቅልፍ፣ ጫት፣ ፍጥነት አለ። የዘመኑ ማስተርም ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ መስመር ቢበጠስ ሌላው እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ ነው፣ አሜሪካኖች ይህን ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በሕግ አስገድደዋል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ክፍል ያለው አንዱ ማስተር ውስጥ ነው። ማስተሩ ደረቅ ከገባ አየሩ ሁለቱም ውስጥ ነው፤ መጠባበቂያው ከዋናው ጋር አብሮ ታሟል።

የተዘረዘሩት ምክንያቶችም ከአየሩ ጋር ይደመራሉ እንጂ አይተኩትም። በተለይ እኛ አገር፣ በተለይ በዚህ ከፍታ።

የፍሬን ዘይት ውሃ ይስባል። ክዳኑ ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ፣ ዓመታት ያልተቀየረ ዘይት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው መስፈርቱ፤ ከመቶ 4 ያልሞላ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። እነዚህ ቁጥሮች የሚለኩት ደግሞ በባሕር ጠለል ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም፤ ለዚህ ነው የደብረ ብርሃን ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላውና ባቄላው ቶሎ የማይበስለው። የፍሬን ዘይቱም፣ እግር ከፔዳሉ በተነሣባት ቅጽበት፣ ከጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃል። ጋራዥ ውስጥ የቀረችው አረፋ ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ቀድማ ወስዳዋለች፤ ቁልቁለቱ ላይ የሚወለደው እንፋሎት የቀረውን ግማሽ ይወስዳል። ሹፌሩ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ሲነዳ «ትንሽ ለስለስ ይላል» ያለው ፍሬን ደብረ ሲና ሳይደርስ ባዶ ይሆናል። እግርን የሚያግዘው ከማስተሩ ጀርባ ያለው ትልቅ ክብ ዕቃም የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ ከፍታው ላይ ግፊቱ ስለሚቀንስ የሚያግዘውም ይቀንሳል። ይህን ሁሉ የሚለው የመኪናው መጽሐፍ አይደለም፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለደጋ ጠርዝ አይደለማ።

በክልሉ ያለው ሁኔታም ተጨምሮበታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት መኪና ለቀናትና ለሳምንታት ይቆማል። የቆመ መኪና የፍሬን ዘይት ውሃ መሳቡን አያቆምም፤ የቆመ ሲሊንደር ይዝጋል። መንገድ የተከፈተ ዕለት ደግሞ ሁሉም የባከነውን ቀን ለማካካስ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ጋራዡም በዚያ ሰሞን ይጣደፋል።

ይህ ችግር በጊዜ ብዛት የሚቃለልም አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሐሳቡን ልደግፈው ልቃወመው ዛሬ አልመጣሁም፤ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፦ ያለው መኪና ዕድሜው ይረዝማል። ዕድሜው የረዘመ መኪና ማስተሩ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ አራቴ ይቀየራል። አየር የማውጣቱ ሥራ ከበፊቱ የበለጠ እንጂ ያነሰ አይሆንም። (የኤሌክትሪክ መኪና ስላለን ከዚህ ተገላገልን የምትሉ፦ የእርሱም ፍሬን በዘይት ነው። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ኃይል እየሰበሰበ ያግዛል፤ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ባትሪውን ሞልታችሁ ከወረዳችሁ የሚሰበስብበት ቦታ አይኖረውምና እገዛው ይቀንሳል።)

መንግሥት የት ነው? ሕጉ አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ቦሎ የምንለው ያ ነው። ቦሎው ግን የሚመሰክረው መኪናው በዚያች ቀን ስለነበረበት ሁኔታ ብቻ ነው። ጥር ላይ ተመርምሮ ያለፈ ሚኒባስ መጋቢት ላይ ማስተሩ ቢቀየር ያንን ሥራ የሚያይ ማንም የለም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ሹፌሩን ይከተለዋል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተጎጂው እንዲካስ ያደርጋል። ሹፌሩ፣ ባለንብረቱ፣ መድን ድርጅቱ ሁሉም በወረቀት አሉ። ፍሬኑን በእጁ ፈትቶ የገጠመው ሰው ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። አደጋ ሲደርስ «የቴክኒክ ጉድለት» ተብሎ ይጻፋል። ቴክኒኩን ያጎደለው ማን ነው? አይጻፍም።

ይህን የምለው መካኒክ ይታሰር ለማለት አይደለም። እስር እንዲያውም ነገሩን ያብሰዋል፤ ሁሉም «አልነካሁትም» ይላል። የምለው ፍሬን የነካ ሥራ ፊርማ ይኑረው ነው። አንዲት ገጽ ወረቀት፦ የመኪናው ታርጋ፣ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተቀየረው ዕቃ አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ፣ የገባው ዘይት ዶት 3 ነው ወይስ ዶት 4፣ ማስተሩ ከመታሰሩ በፊት አየሩ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል ወይ፣ የሠራው ሰው ስምና ፊርማ። አንዱ ቅጂ ጋራዡ ጋ፣ አንዱ መኪናው ውስጥ። ሕግ እስኪወጣ መጠበቅም አያስፈልግም፤ ባለንብረቶች በማኅበር ተደራጅተዋል፣ ማኅበሩ ለአባላቱ ግዴታ ቢያደርገው ነገ ይጀመራል። ወረቀቱ ሲኖር የቁርጡም ዋጋ ይለወጣል። ፊርማውን የሚያኖር ሰው ለ20 ደቂቃው ይጠይቃል፣ ባለንብረቱም ምን እንደሚከፍልበት ያያል። ዛሬ ያ 20 ደቂቃ ዋጋ የሌለው የማይታይ ስለሆነ ነው።

መናኸሪያዎቻችንም አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ ደሴም ወደ አንኮበርም ለሚወጣ ሚኒባስ ስምሪት ከመስጠታቸው በፊት፣ ሞተሩ ተነሥቶ ፔዳሉ አንዴ ተረግጦ ለአንድ ደቂቃ ይያዝ። ከሰመጠ አይወጣም። ሁለተኛው ርግጫ ከመጀመሪያው ቀና ካለ አይወጣም። ትርፍ ሰው መጫኑን የሚቆጥር ተቆጣጣሪ ይህችንም መጨመር አያቅተውም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል። ተሳፋሪውም «እስቲ ፍሬኑን ያዝልን» ማለት መብቱ ነው፤ ሹፌሮች በዚህ እንደማይቆጡ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ቁልቁለቱን እነሱም ይወርዱታልና።

ለባለንብረቶች የማሳስበው ሌላም አለኝ። ማስተር ስታስቀይሩ ያልተከፈተ የዘይት ጠርሙስ ከእናንተ ይሁን፤ ጋራዥ ውስጥ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈውን አትቀበሉ። በጎደለ ቁጥር የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ጣል የሚያደርግም አለ፤ ያ ዘይት ጎሚኒውን በሙሉ ያሳብጠዋል፣ አራቱንም ጎማ ጨምሮ። እናም ሥራው ያለቀ ዕለት ሹፌሩን በቀጥታ ወደ ተራው አትላኩት። የተጠገነ ፍሬን መጀመሪያ የሚሞከርበት ቦታ ከከተማው ወደ ጫጫ ያለው ሜዳ ነው፦ ባዶውን፣ በዝግታ፣ ደጋግሞ እያቆሙ። ከዚያ ጋራዥ ተመልሶ የቱቦ መጋጠሚያዎቹ ይታዩ፣ የዘይቱ መጠን ይታይ፣ ፔዳሉ አንዴ ይያዝ። የጣርማ በሩ ተራ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።